ጋሼ መሪ ይላል፣ እኔ ፍሬን እላለሁ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ጥያቄዬ ለአንዳንድ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ የመኪና ውድድር ሲሙሌተር እንጫወታለን። በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል፣ ጋሼ እያልኩት ነው ያደግኩት። መንዳቱን ያስተማረኝም እሱ ነው። አሁን ያለን መሪ በጊር የሚሠራ አሮጌ ነው። ሲዞር ይንኳኳል፣ ማታ ማታ እናታችን እንዳትነቃ ብለን ኃይሉን እንቀንሰዋለን። የፍሬኑ ፔዳል ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። እግሬን ሳላሳርፍበት ራሱ ይይዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ እስከ ታች ረግጬው ግማሹን ብቻ ያነባል። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የተባለው ጌም ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ኦንላይን ስንወዳደር፣ ረጅሙ ቀጥታ አልቆ ኩርባው ጋ ስደርስ ወይ ቀድሜ እይዛለሁ ወይ አልፌ አሸዋው ውስጥ እገባለሁ። አንዱን ዙር ቆንጆ አድርጌ እነዳና ቀጣዩን አበላሸዋለሁ።

ሁለታችንም ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተን አዲስ ዕቃ በጋራ ለመግዛት ተስማማን። ሲሶው የኔ ነው፣ የቀረው የሱ። እሱ የመረጠው 12 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ያለው ዳይሬክት ድራይቭ፣ ማለትም በቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚታሰር መሪ ነው፤ ፔዳሉ ግን ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው ቀላሉ ይሁን አለ። "ፔዳል ያው ፔዳል ነው፣ ዋናው መሪው ነው" ይላል። እኔ የእግርን ጫና ስለሚለካው ስለ ሎድ ሴል ፔዳል ሳነብ ነው የከረምኩት፣ የሚያስፈልገንም እሱ ይመስለኛል። አንድ ቀን ላነሳበት ስል "አንቺ መጀመሪያ መንዳቱን ቻዪ" ብሎ ሳቀ። ለጨዋታ እንዳለው አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ አፌን መክፈት አቃተኝ። አንዳንዴ እውነቱን ቢሆንስ እላለሁ። ችግሩ ዕቃው ሳይሆን እኔ ብሆንስ? ደግሞ አጭርና ቀጭን ነኝ፣ ያን ያህል ኃይል ያለው መሪ እጄን ቢጎዳኝስ ብዬም እሰጋለሁ። ብዙውን ያዋጣው እሱ ስለሆነ ዝም ልበል? ወይስ ሲሶዬን ይዤ የራሴን ልግዛ?

ታናሿ ነኝ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ልቤ የቀረው "ችግሩ እኔ ብሆንስ" ያልሽው ላይ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። ሳይረገጥ የሚይዝ፣ ተረግጦም ግማሹን ብቻ የሚያነብ ፍሬን ይዞ ማንም ሰው ሁለት ተመሳሳይ ዙር አይነዳም። የፈለገ ጎበዝ ይሁን። ችሎታሽ ምን ያህል እንደሆነ እኔ እዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፣ አንቺም ግን በዚህ ፔዳል ልትለኪው አትችዪም። አንዱን ዙር አሳምሮ ቀጣዩን ማበላሸት መንዳት የማይችል ሰው ምልክት አይደለም፤ መንዳት የማይችል ሰው የመጀመሪያውንም አያሳምረውም። በዚህ ጉዳይ ራስሽን መውቀስ ይብቃሽ፣ ቢያንስ ደህና ፔዳል ላይ እግርሽን እስክታሳርፊ ድረስ።

የፔዳሉ ሕመም የታወቀ ነው። ርካሽና መካከለኛ ፔዳሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ አንዲት ትንሽ ጫፍ ካርቦን በተቀባ መስመር ላይ እየተፋተገች ፔዳሉ የት እንደደረሰ የምትናገርበት ነገር። ስትፋተግ መስመሩ ይበላል፣ አቧራም ይገባበታል፣ ከዚያ ንባቡ መዝለል ይጀምራል። ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊ። ኮምፒውተሩ ላይ የጌም መቆጣጠሪያዎች የሚታዩበትን መስኮት ክፈቺና ፍሬኑን በጣም ቀስ ብለሽ እስከ ታች ርገጪው፣ ከዚያ እንደዚያው ቀስ ብለሽ ልቀቂው። መለኪያው እግርሽን ተከትሎ በለስላሳው ካልወጣና ካልወረደ፣ ወይም እግርሽን ጨርሰሽ አንስተሽ እንኳ ከተንቀጠቀጠ፣ መልስሽን አገኘሽ። በስልክሽ ቅረጪው። በኋላ ከጋሼ ጋር ስታወሪ ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም የሚታይ ነገር ላይ ማንም ብዙ አይከራከርም። እስከዚያው ፔዳሉን ፈታ አድርጋችሁ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ብታጸዱት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፤ ሴቲንጉ ላይም ከመነሻው ትንሽ ዴድ ዞን፣ ማለትም ንባቡ የማይቆጠርበት ክፍተት፣ ብትሰጪው ራሱ መያዙን ይተዋል። ማስታገሻ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም፣ ግን የዚህን ሳምንት ውድድር ያሳልፍልሻል።

አሁን ወደ ጋሼ። እሱም እኮ ዝም ብሎ አይደለም መሪ መሪ የሚለው፣ እውነት አለው።

ሲሙሌተር ላይ ሰውነታችን የሚሰማው ነገር የለም። መኪናው ሲያጋድል ወገብሽ አይነግርሽም፣ ፍሬን ስትይዢ ቀበቶ ደረትሽን አይዝሽም። ከዓይንና ከጆሮ ሌላ የቀረልሽ እጅሽ ነው። ጌሙ የፊት ጎማዎቹ ላይ ያለውን ጫና ያሰላና ሞተሩ ያንን ወደ እጅሽ ይመልሰዋል፤ ጎማው መንገዱን ነክሶ ሲይዝ መሪው ይከብዳል፣ ከልኩ አልፎ መንሸራተት ሲጀምር ደግሞ ይቀልልሻል። ያቺን መቅለል ቀድሞ የሰማ ሰው ነው መኪናውን የሚያድነው። የኋላው ሲከዳሽም እንዲሁ ነው፣ መሪው ራሱ ወደ ማዳኛው አቅጣጫ መዞር ይጀምራልና እጅሽ ተከትሎት ይሄዳል።

ታዲያ መሪዎቹ የሚለያዩት ይህን ወሬ ሳያዛቡ በማድረሳቸው ነው። በጊር የሚሠሩት፣ ለምሳሌ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ሰው የጀመረበት ሎጂቴክ ጂ29፣ ኃይላቸው ወደ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ጊሮቹ ሲነካከሱ ይንኳኳሉ፣ መሪው መሃል ላይ ሲሆን ደግሞ ምንም የማይነግርሽ ባዶ ቦታ አለ። በቺንጋ የሚሠሩት እንደ ትረስትማስተር ቲ300 ያሉት ወደ 4 ይደርሳሉ፤ ለስላሳና ጸጥተኛ ናቸው፣ ቺንጋው ግን ትንንሾቹን ንዝረቶች ይውጣቸዋል፣ ረጅም ሰዓት ሲነዳ ሞተሩ ሲሞቅም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለው መሃል ላይ ጊርም ቺንጋም የለውም፣ መሪው በቀጥታ የሞተሩ ዘንግ ላይ ነው የሚታሰረው። የሚበላ ነገር የለም፣ የሚንኳኳ የለም፣ የሚጠፋ ወሬም የለም። ማታ እናታችሁ እንዳትነቃ ብላችሁ የምትጨነቁበት ነገር አብዛኛው በዚህ ይቀልላል። አብዛኛው ያልኩት የጠረጴዛው መንቀጥቀጥና የእግራችሁ ድምፅ ስለማይቀር ነው።

ስለዚህ ጋሼ ዳይሬክት ድራይቭ መፈለጉ ትክክል ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ 12ቷ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ላሳይሽ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሪ ላይ 2 ኒውተን ሜትር ማለት ጠርዙን የያዘ እጅ ላይ ወደ 1.4 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ነው። 5 ሲሆን 3.4 ኪሎ ይሆናል፣ 8 ሲሆን 5.4፣ 12 ሲሆን ደግሞ 8 ኪሎ ገደማ። ይህ ጣሪያው ነው እንጂ በየደቂቃው የምትታገዪው አይደለም። ሆኖም ከ2 ወደ 5 ስትሄዱ የሚመጣው ለውጥ በጣም ትልቅ ነው፣ ከ5 ወደ 8 ስትሄዱ ደስ የሚል ነው፣ ከ8 ወደ 12 ግን እያነሰ ይመጣል። ትልልቆቹ እነ ሲሙኪዩብ 25 እና 32 ኒውተን ሜትር ድረስ ይሄዳሉ፣ ግን ያንን ሁሉ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው፤ ሰዎች ትልቅ ሞተር የሚገዙት ክንዳቸውን ለማድከም ሳይሆን ትርፍ አቅም እንዲኖረው ነው። ይህ ትርፍ አቅም የሚባለው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ጋሼም ሳያነሳው አይቀርም።

ጌሙ ከሞተሩ አቅም በላይ ኃይል ሲጠይቅ ሞተሩ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ክሊፒንግ ይሉታል። ያኔ መሪው ከባድ ይሆናል እንጂ ምንም አይነግርሽም፤ ጎማው ሲይዝም ሊለቅ ሲልም ክብደቱ ያው ነው። ደካማ መሪ ያላቸው ሰዎች ጠንከር እንዲል ብለው ኃይሉን መቶ በመቶ ያደርጉትና ሳያውቁት ራሳቸውን ያደነቁራሉ። በመጀመሪያው አሴቶ ኮርሳ የፔዳሎች መስኮት ላይ ከነዳጁና ከፍሬኑ መለኪያ ጎን ለፎርስ ፊድባክ፣ ሞተሩ ወደ እጅሽ ለሚመልሰው ኃይል፣ አንድ መለኪያ አለ፣ ጣሪያ ሲነካ ቀይ ይሆናል። ኩርባ ላይ ቀይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ኃይሉን መቀነስ ነው። ትልቅ ሞተር ያለው ሰው ይህ ችግር ብዙም አይገጥመውም። ጋሼ ይህንን ካነሳብሽ እውነቱን ነው በይው፣ ግን 8 ወይም 9 ኒውተን ሜትርም ለአብዛኛው መኪና ይህን ትርፍ ይሰጣል።

የእጅሽ ነገር አያስጨንቅሽ። ዳይሬክት ድራይቭ ሁሉ ኃይሉ በሶፍትዌር ይቀነሳል፤ 12ቱን ወደ 5 አውርደሽ መንዳት ትችያለሽ፣ ምንም አይጎድልብሽም። ለአንቺ አንድ ፕሮፋይል፣ ለጋሼ ሌላ ፕሮፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የራሱን ይመርጣል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ግድግዳ ስትመቺ መሪው ድንገት ሲወረወር አውራ ጣትሽ የመሪው ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ ክፉኛ ሊያምሽ ይችላል። አውራ ጣትሽን ጠርዙ ላይ አሳርፊው እንጂ ወደ ውስጥ አታቆላልፊው፣ ልትጋጪ እንደሆነ ስታውቂም እጅሽን ልቀቂ። ይህ ለጋሼም ነው፣ ሞተሩ የማን ክንድ ወፍራም እንደሆነ አይመርጥም። አንዳንዶቹ መሪዎች የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ቁልፍ አላቸው፣ ካለው እጅ የሚደርስበት ቦታ አድርጉት።

ፔዳሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የምመክርሽ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ተራ ፔዳል የሚለካው እግርሽ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ነው። ሎድ ሴል የሚለካው ምን ያህል ኪሎ እንደጫንሽ ነው። ልዩነቱ በወሬ ትንሽ ይመስላል፣ እግር ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። እግራችን ርቀትን በደንብ አያስታውስም፤ ፔዳሉን 70 በመቶ ላይ አቁሚ ብልሽ ዛሬ 60፣ ነገ 80 ታደርጊዋለሽ። ጫናን ግን ጡንቻ ያስታውሳል። እውነተኛ የውድድር መኪና ላይም ፍሬን የሚያዘው በጫና ነው፣ ፔዳሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ፎርሙላ 1 ነጂዎች ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ነው የሚረግጡት። ለዚህ ነው ሎድ ሴል የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን ባይፈጥንም እየለመደው ሲሄድ ዙሮቹ መመሳሰል የሚጀምሩት። በተለይ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ወደ ኩርባው መግባት የሚባለው ነገር፣ ያ ሁሉም ሰው ተለማመዱ ተለማመዱ የሚለው፣ በተራ ፔዳል መከራ ነው። አንቺ ደብዳቤሽ ውስጥ የጻፍሻቸው ችግሮች፣ ቀድሞ መያዝ፣ ማለፍ፣ አንዱን አሳምሮ ሌላውን ማበላሸት፣ አንዳቸውም ስለ መሪ አይደሉም። ሁሉም ፍሬን ናቸው። እኔ ብጠየቅ ከአንቺ ጋር ነኝ።

መሃል ላይ ሌላ ዓይነት አለ፣ ሆል ሴንሰር የሚባለው። በማግኔት ስለሚሠራ የሚፋተግ ነገር የለውም፣ እንደ ፖቴንሽዮሜትር አይበላም። ጋሼ "ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው" ያለው ምናልባት ይህ ሊሆን ይችላል፣ ከመወሰናችሁ በፊት አጣሩት። ከሆነ ራሱ የሚይዘው ፍሬን ነገር ይቀራል ማለት ነው፣ ግን የሚለካው ያው ርቀትን ስለሆነ የመመሳሰሉ ችግር ከእናንተ ጋር ይቆያል። ጠንከር ያለ ሞላ ወይም ላስቲክ ከኋላው በማስገባት የጫና ስሜት እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፣ ብዙዎች ያደርጉታል፣ መጥፎም አይደለም።

አጭር መሆንሽም ለሎድ ሴል እንቅፋት አይደለም። ትረስትማስተር ቲ-ኤልሲኤም የሚባለው ፔዳል ለምሳሌ እስከ 100 ኪሎ ይቀበላል፣ ግን መቶ በመቶ ፍሬን የሚሆነው ስንት ኪሎ ላይ እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ለአንቺ 30 ኪሎ፣ ለጋሼ 50 ማድረግ ትችላላችሁ። ሞላዎቹም ይቀያየራሉ።

ግን እህቴ፣ ብዙ ሰው ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ የሚደነግጥበት አንድ ነገር አለ፣ እናንተ ቀድማችሁ አስቡበት። 30 ኪሎ ወደ ፊት ስትገፊ ያ 30 ኪሎ ወንበርሽን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ላይ ከሆናችሁ በየኩርባው ወደ ኋላ ትንሸራተቻለሽ። ፔዳሉም ወለሉ ላይ ይሸሻል። መሪውም እንዲሁ፣ 12 ኒውተን ሜትር ተራ ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ጠረጴዛው አብሮ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ደግሞ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበትን ትንንሽ ወሬ ይበላዋል። 5 ኒውተን ሜትር ደህና ጠረጴዛ ላይ በማሰሪያ ይቆማል፣ 8 ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ግን መቀመጫው፣ መሪውና ፔዳሉ አንድ ላይ በቡሎን የሚታሰሩበት ፍሬም የግድ ነው ባይ ነኝ። ጋሼ 12 ሲል የፍሬሙን ወጪ አስቦበታል? ይህንን በጥያቄ መልክ አንሺበት። ፍሬም ባይኖራችሁም ግን መላ አለው፣ ፔዳሉን ግድግዳ አስደግፉት፣ ጎማ የሌለው ወንበር ተጠቀሙ፣ ወይም የወንበሩን እግርና ፔዳሉን በጠንካራ ገመድ አያይዙት።

አሁን ወደ አንቺና ወደ ጋሼ ልመለስ። ያ ሳቅ እንደቆረጠሽ ይገባኛል። ካስተማረሽ ሰው ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ያማል። እሱ ግን ምን እንዳለሽ እንኳ ላያስታውስ ይችላል። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ጋሼ ራሱ ሲነዳ በጣም ደስ የሚለው ምኑ ነው? እንደ አንቺ ሰዓት መቁረጥ ነው፣ ወይስ መኪናውን በጎን እያንሸራተተ መንዳት ወይም ራሊ የሚወድ ሰው ነው? ለዚያ ዓይነቱ መንዳት ፈጣንና ኃይለኛ መሪ ከፔዳል ይበልጣል፣ መሪው ራሱ ቶሎ ካልዞረ መኪናውን ማዳን ይከብዳልና። ምናልባት ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን የምታወሩት ስለተለያየ መንዳት ነው። ደግሞ አንድ ሌላ ጥያቄ፣ ለዓመታት ያ 12 ኒውተን ሜትር ያምረው ኖሮ ይሆን? ሰው አንድን ዕቃ እንዲሁ ስለወደደው ሊፈልገው መብቱ ነው። ከሆነ "አያስፈልግህም" ብለሽ አትጀምሪ፣ በሩን ይዘጋብሻል።

ዝም ማለቱን አልመክርሽም። ሲሶም ይሁን እሩብ፣ ገንዘብሽ ነው፣ የምትነጂበትም አንቺ ነሽ። ዝም ብለሽ ከተገዛ በኋላ በየኩርባው ቅር ሲልሽ ወንድምሽ ላይ ታዝኛለሽ፣ እሱ ደግሞ በምን እንዳስከፋሽ አያውቅም። ሲሶሽን ይዞ መለየቱም አያዋጣም፣ ሁለታችሁም ጎዶሎ ዕቃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ አብሮ መንዳቱም ይቀራል።

እኔ የታየኝ ይህ ነው። ፒሲ ላይ መሪና ፔዳል ከአንድ ኩባንያ መሆን አይጠበቅባቸውም። ፔዳሉ የራሱ የዩኤስቢ ገመድ ካለው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ ጌሙም ሁለቱን ለየብቻ ያውቃቸዋል። በጌም ኮንሶል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቀላል አይሆንም ነበር፣ እናንተ ግን ኮምፒውተር ላይ ናችሁ። ስለዚህ የጋሼ ድርሻ መሪውን ይግዛ፣ የአንቺ ሲሶ ሎድ ሴል ፔዳሉን ይግዛ። እሱ መሪውን እንደልቡ ይመርጣል፣ አንቺ ፔዳሉን። ማንም በማንም ዕቃ ላይ አይወስንም፣ ሁለታችሁም በሁለቱም ትነዳላችሁ።

ሂሳቡ አልገጥም ካለ፣ ከፔዳሉ ከመቀነስ ከመሪው ኃይል መቀነሱ ይሻላል። ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ የተባለው መሪ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በ5 ኒውተን ሜትር ይጀምራል፣ በኋላ የኃይል ማቅረቢያውን ብቻ በትልቁ በመቀየር 8 ይደርሳል። ዛሬ ትንሹን ገዝቶ ሌላ ጊዜ ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። ሞዛ የተባለው ኩባንያ ደግሞ አር5 አለው፣ 5.5 ነው፣ አር9 9 ነው፣ ጋሼ የሚለው ዓይነት 12 ደግሞ አር12 ላይ አለ። እኔ ለእናንተ ብመርጥ 8 ወይም 9 ላይ አቆማለሁ። እሱ የሚደሰትበት አቅም አለው፣ ጠረጴዛውንም ቤቱንም ብዙ አያስቸግርም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብዙ ጊዜ የአንዱ ኩባንያ የመሪ ክብ ሌላው ኩባንያ ሞተር ላይ በቀጥታ አይገጥምም፣ ስለዚህ ሞተሩን ስትመርጡ ወደፊት የምትገዟቸውን መሪዎችም አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው። ያገለገለ ቲ300 ካገኛችሁም አትናቁት፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሲሞቅ ኃይሉ እንደማይወድቅ እዩ።

ጋሼን የምታናግሪው ውድድር ላይ ወይም ከተሸነፋችሁ በኋላ አይሁን። ረጋ ባለ ሰዓት፣ ፔዳሉን የቀረጽሽበትን ቪዲዮ አሳይተሽ ጀምሪ። "ጋሼ፣ ይህን እይልኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይስ አንተም ላይ እንዲህ ያደርጋል?" በይው። እሱም ላይ ያደርጋል፣ ፔዳሉ አንድ ነውና። ከዚያ "መሪውን አንተ ምረጥ፣ በሲሶዬ ፔዳሉን እኔ ልምረጥ" በይው። ስለዚያ ሳቅም፣ ልብሽ ከፈቀደ፣ "ያን ቀን መንዳቱን ቻዪ ስትለኝ ከዚያ በኋላ ሐሳቤን መናገር ፈራሁ" ብትዪው ጥሩ ነው። ያስተማረሽ ሰው ነው፣ መፍራትሽን ቢያውቅ ደስ የሚለው አይመስለኝም። ሎድ ሴል ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ጋሼን ጥቂት ዙር አስነጂው። ብዙ ተከራካሪ እዚያው ነው ሐሳቡን የሚቀይረው።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አትደንግጪ። ቀርፋፋ ትሆኛለሽ፣ እግርሽ የለመደው ርቀት ነው። የፍሬኑን ጣሪያ ከምትችዪው ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ፣ ከ20 ኪሎ ገደማ፣ ሳምንት እያለፈ ሲሄድ ከፍ አድርጊው። የምታውቂውን አንድ ትራክና አንድ መኪና ብቻ ያዢ። ሰዓትሽን አትዪ፣ የዙሮቹን መቀራረብ እዪ። መሪው ላይ ደግሞ ኃይሉን መካከል ላይ አድርጊና ክሊፒንግ እንደሌለ አረጋግጪ፣ ሌላውን ሴቲንግ ሁሉ ለጊዜው አትንኪው።

ጋሼ ሁሉን ሰምቶ እምቢ ካለስ? ያኔ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው። መሪው ፔዳል ሳይጨመርበት ለብቻው እንዲገዛ። አሮጌው ፔዳል የራሱ ዩኤስቢ ከሌለው መሪው ላይ ስለሚሰካ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ያስፈልገው ይሆናል፣ ያንን ቀድመሽ አጣሪ። ጥቂት ወር ተጸድቶ ያገለግላችኋል፣ አንቺም እስከዚያ ሲሶሽን ይዘሽ ትቆያለሽ።